ሐኪሞች የማይጠይቁት ሌሊት

ሻርኮ ማሪ ቱዝ ከሚባለው፣ በዘር ከሚተላለፈው የነርቭ በሽታ ጋር የምንኖር ሰዎች ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ስለ አካሄዳችን፣ ስለ ጫማችንና ስለ መውደቃችን በዝርዝር እንጠየቃለን፤ ስለ እንቅልፋችን የሚጠይቀን ግን እምብዛም አይገኝም። እኔን በበኩሌ ቀን ከሚጎተተው እግሬ ይልቅ ያንገላታኝ ሌሊቱ ነው።

ብዙውን ጊዜ ወደ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባቴን ድንገት ጨምድዶ ይይዘኛል። ሥጋው ከመጠጠሩ የተነሣ በጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም፤ የእግሬ ጣቶችም ወደ ታች ይቆለመማሉ። ሰው ሁሉ «ተነሺና መሬት አስረግጪው» ይለኛል፤ ቁርጭምጭሚቴ ስለማይጸና ግን በጨለማ መነሣቱ ራሱ መውደቅን ይጋብዛል። ስለዚህ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥሁ ነጠላዬን በውስጥ እግሬ ሥር አሳልፌ፣ በሽታው እጄንም ስላዳከመው ጫፎቹን አንጓዬ ላይ ጠምጥሜ፣ ባቱ እስኪፈታ ድረስ ወደ ራሴ እስባለሁ። ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ እንቅልፉ ግን በዋዛ አይመለስም።

የዚህ መነሻው ነርቩ ነው። በብዛት በሚታየው የበሽታው ዓይነት፣ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ፒኤምፒ22 የተባለው ዘረመል አንድ ትርፍ ቅጂ ስለሚኖረው (ይህ የታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው) የነርቩ ሽፋን ይበላሻል፤ እያደርም በውስጡ ያለው የነርቭ ክር ይጎዳል። የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ሳይታዘዝ ጡንቻውን ሊያዝ ይችላል። «ሙዝ ብዪ» የሚለው የዘመድ ምክር ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ሥሩ ጋ አይደርስም። ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለዚህ መውሰድ ግን አደገኛ ነው፤ የደም ሕዋሳትንና የልብ ምትን ሊያውክ ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆበታል።

ሌሊት የሚቀሰቅሰን ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የሚያቃጥለውና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ስሜት የነርቭ ሕመም ሲሆን፣ መድኃኒቱም ከተራ ማስታገሻ የተለየ ነው። «እግርሽን አንቀሳቅሺው» እያለ የሚወተውተውና ሲንቀሳቀሱ የሚቀለው ደግሞ የእግር እረፍት ማጣት የሚባል ሌላ ችግር ነው፤ እሱ ካለ በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን የብረት መጠን ማስመርመር ይገባል። ከባድ ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቆራረጥም በዚህ በሽታ ስለታየ፣ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሣ ሰው ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር። ለእኔ ይህን መለየት የጠቀመኝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቼ እወስደው የነበረውን የእንቅልፍ ኪኒን በማስቆም ነው፤ በውስጡ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን የእግርን እረፍት ማጣት የሚያባብስ መድኃኒት ነውና።