በነጭ ጠመኔ የተበላሸ ፊት

ትናንት ማታ መስታወት ወንበር ላይ አስደግፌ፣ ቡናማ ወረቀት ዘርግቼ፣ ጥቁርና ነጭ ጠመኔ ይዤ ከራሴ ጋር ሁለት ሰዓት ተፋጠጥኩ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የወጣው ሰውዬ ወፍጮ ቤት ያደረ ይመስላል። እጄ የለመደው ጭቃ ነው፤ አፍንጫው ካነሰ እለጥፋለሁ፣ ከበዛ እቆርጣለሁ። ጠመኔ እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም።

ለዚህ ጣጣ የዳረገኝ በርኒኒ ነው። ጣሊያናዊው ቀራጺ ጃን ሎሬንዞ በርኒኒ (1598–1680) ወደ ሰማንያ ዓመቱ ሲጠጋ ራሱን በጥቁርና በነጭ ጠመኔ ስሏል። ሥዕሉ ዛሬ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ ነው፤ እኔ ያየሁት ፎቶውን ብቻ ነው። እነዚያ ዓይኖች ግን ከፎቶም ያፈጣሉ።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ከእብነ በረድ ነጭነት ጋር ሲታገል ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1665 የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 14ኛን ሊቀርጽ ፓሪስ በሄደ ጊዜም ይህንኑ ሲያስረዳ ነበር፦ የምታውቁትን ሰው ፀጉሩን፣ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን ነጭ ብትቀቡት መልኩ ይጠፋባችኋል። ስለዚህ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ቆዳ ለማሳየት ድንጋዩን ከእውነተኛው ፊት አብልጦ ይቦረቡረዋል፤ ጥላው የቀለሙን ሥራ ይሠራለታል።

ጠመኔ ሲይዝ ያ ሁሉ ድካም ቀረለት። ጥቁሩን ጫን ሲያደርገው ዓይኑ ጠቆረ፤ አለቀ። ነጩን ደግሞ ብርሃን ያረፈበት ላይ ብቻ ጣል አደረገው፤ ለቀረው ፊት ወረቀቱ ራሱ ቆዳ ሆነለት። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሥዕል ከብዙዎቹ ሐውልቶቹ አስበልጣለሁ።

እኔማ ነጩን እንደ ልስን ነበር የመረግኩት። ዛሬ ጠዋት መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበትና በጥቁሩ ብቻ ጀመርኩ። ከአፍንጫ ሳይሆን ከዓይን ጉድጓድ። ግራ ዓይኔ መጣ። አያቴን ይመስላል እንጂ እኔን አይመስልም፤ ቢሆንም ሰው ነው።

የቸገረኝ አፉ ነው። በርኒኒ አፍን ለመያዝ የሚመርጠው ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ወይም ሊናገር ሲል ነበር። እኔ ስስል የታች ከንፈሬን እነክሳለሁ ለካ! መስታወቱ ባይኖር አላውቀውም ነበር። ወሬ እንዳወራ ብዬ እህቴን በስልክ ደወልኩላት፤ ሳቄ መጣና አፉ ባዶውን ቀረ።