4294967297ን በእስክሪብቶ እንዴት እንደከፈልኳት

ባለፈው ክረምት ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ሲል መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ አንዲት ቁጥር ይዤ ተቀመጥኩ፣ 4294967297። 2ን 32 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ የምትመጣው ናት። ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በ1640 (በነሱ አቆጣጠር፣ እኛ ጎንደር አፄ ፋሲል ነግሠው ነበር) በዚሁ ዓይነት (2ን 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ጊዜ አባዝቶ 1 በመጨመር) የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 ፕራይም (ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ናቸው እሷም ቀጥላ ፕራይም መሆን አለባት ብሎ ገመተ፣ ኦይለር የሚባለው ሌላ የሒሳብ ሰው ግን በ1732፣ እቴጌ ምንትዋብ እዚህ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው፣ 641 እንደሚያካፍላት አሳየ። መልሱን ሰምቼዋለሁ፣ እኔ የፈለግኩት ያለ ካልኩሌተር እንዴት እዛ እንደሚደረስ ነው።

መጀመሪያ ዝም ብዬ በ3፣ በ7፣ በ11 እያልኩ ማካፈል ጀመርኩ። ሁለት ማታ ሄደ፣ 100 እንኳን አልደረስኩም። ለካ በዚህ መንገድ እስከ 65536 ያሉትን ፕራይሞች መሞከር ነው ያለብኝ፣ 6542 ናቸው! ደግሞ ቁጥሯን ለማግኘት 2ን እጥፍ እጥፍ ሳደርግ አንድ ቦታ ተሳስቼ ነበር፣ ያዳነኝ አሃዞቹን መደመር ነው፤ የ4294967296 ድምር 58፣ ከዛ 13፣ ከዛ 4 ይመጣል፣ የኔ 4 አልመጣም።

ከዛ ቆም ብዬ አካፋዩ ምን ዓይነት መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ፕራይም አካፋይ ካላት 2ን 32 ጊዜ አባዝታችሁ በሱ ስታካፍሉ ቀሪው ከራሱ ከአካፋዩ በ1 ያነሰ ነው፣ 64 ጊዜ ስታባዙ ደግሞ ቀሪው 1 ይሆናል፣ ስለዚህ ከፕራይሙ ላይ 1 ስትቀንሱ በ64 መካፈል አለበት። በጣም የገረመኝ ይሄን የሚያሳየው ህግ የራሱ የፌርማ መሆኑ ነው፣ እጁ ላይ ነበር። እንደዚህ ሲሆን የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው፣ አምስተኛው ላይ ደረስን ማለት ነው።

ትልቁን ቁጥር ማካፈልም አያስፈልግም፣ ቀሪውን ብቻ ይዞ መሄድ ነው። 2 8 ጊዜ ሲባዛ 256 ነው፣ 256 በ256 65536 (16 ጊዜ)፣ በ641 ሲካፈል ቀሪው 154። 154 በ154 23716 (32 ጊዜ ደረስን)፣ ቀሪው 640። በቃ! 1 ስትጨምሩ 641 ሞላ። ሁለት ትንንሽ ማካፈል፣ እኔ ሁለት ማታ የለፋሁበት።

የቀረው 6700417 ነው። እሱ ፕራይም መሆኑን ለማረጋገጥ ስኩዌር ሩቱ 2588 ገደማ ስለሆነ ያው 1 ሲቀነስባቸው በ64 የሚካፈሉትን ፕራይሞች ብቻ ሞከርኩ፣ አራቱ ቀድመው ወድቀዋል፣ 641ን እንደገና፣ ከዛ 769፣ 1153፣ 1217፣ 1409፣ 1601፣ 2113። በ641 ሳካፍለው ጮክ ብዬ «ቀሪው 44» ስል ቡና የምታፈላው እናቴ «አርባ አራት? እንደ ታቦቶቹ?» አለችኝ፣ አዎ እማዬ አልኳት፣ ስድስቱንም ሶስተኛው ቡና ሳይቀዳ ጨረስኩ፣ አንዱም አላካፈለውም።