ከጠገራ ብር ወደ ናፖሊዮን ፍራንክ

ከአያቴ በወረስኩት አንድ ጠገራ ብር የጀመርኩት የሳንቲም ጥናት ስምንት ወር ሞላው። መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ አነሣ ነበር፤ አሁን በፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት በናፖሊዮን ዘመን ላይ ረግቻለሁ። ያሉኝ ሳንቲሞች አራት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ግን ብዙ አስተምረውኛልና ስለ እነርሱ ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛዋ የ1808 ባለ አምስት ፍራንክ ናት። 25 ግራም ትመዝናለች፤ ወርዷ 37 ሚሊሜትር ነው፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ንጹሕ ብር ነው። በልጅነታችን «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንል እንደነበረው፣ በዘውዱ በኩል የሎረል አክሊል የደፋ ራስ አለ፤ ዙሪያውን «ናፖሊዮን ንጉሠ ነገሥት» ይላል። ከአንገቱ ሥር የቀራጩ የቲዮሊዬ ስም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ገልብጬ ጎፈሩን ሳይ ግን «የፈረንሳይ ሪፐብሊክ» የሚል አነበብኩ። ክው አልኩ፤ ሐሰተኛ ሳንቲም የሸጡልኝ መሰለኝ። ንጉሠ ነገሥትና ሪፐብሊክ በአንድ ብር ላይ ምን ያገናኛቸዋል?

ሳጣራ ሳንቲሟ እውነተኛ ናት። ናፖሊዮን ሜይ 18 ቀን 1804 ንጉሠ ነገሥት ቢባልም የሪፐብሊኩ ስም እስከ 1808 ድረስ ከገንዘቡ አልተፋቀም፤ «የፈረንሳይ ኢምፓየር» የሚለው የመጣው በ1809 ነው። ንጉሡን አንገቱን ቆርጦ የጣለ ሕዝብ ዘውድን እንደገና እንዲለምድ ጊዜ ተሰጥቶት ይሆናል፤ እኔ እንዲህ ነው የምረዳው። ሠዓሊው ዳቪድ የናፖሊዮንን የዘውድ በዓል የሳለበት ታላቁ ሥዕል ለሕዝብ የታየውም በዚያው በ1808 ነው። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ሄጄ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ ወርዱ ወደ አሥር ሜትር፣ ቁመቱ ከስድስት ሜትር በላይ ነው። መካከል ላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው የናፖሊዮን እናት በበዓሉ ዕለት ጭራሽ አልነበረችም። ዳቪድ በቀለም አስገባት። ሳንቲሟን ካወቅሁ በኋላ ያንን ሥዕል በሌላ ዓይን ነው ያየሁት።

ሁለተኛዋ ላይ «ዓመት 13» ብቻ ተጽፏል። ንጉሡን የጣሉት የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 የደነገጉት፣ ከ1792 የሚነሣ አቆጣጠር ነው። ሌላው ሰው ይህን ለመረዳት ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ለእኛ ግን የቤታችን ነገር ነው። አሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፤ በስተመጨረሻ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይተርፋል፤ አዲሱ ዓመት የሚገባው በሴፕቴምበር ነው። ጳጉሜን ማለት እኮ ነው! ናፖሊዮን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ጀምሮ ሻረው።

በዚህችው ሳንቲም ላይ ግን ጥፋት ሠርቻለሁ። ጥቁረቷን እድፍ መስሎኝ፣ አያቴ የብር ጌጧን እንደምታጸዳው በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። ነጣች፤ አንጸባረቀች፤ የፀጉሩ ስስ መስመሮችም አብረው ተላጉ። ያ ጥቁረት ሁለት መቶ ዓመት የፈጀ የብሩ ቆዳ ነበር። እባካችሁ ሳንቲም አትፈትጉ። አቧራ ካለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆይታችሁ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርቁት፤ ከዚያ በላይ አትንኩት።

የሰሞኑ ትምህርቴ ከዓመቱ አጠገብ ያለችው፣ ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ የምትናገር ፊደል ናት። «ኤ» ፓሪስ ናት፤ «ዩ» ቱሪን፤ ዘውድ የደፋችው «አር» ሮማ። የኢጣልያ ከተሞች የፈረንሳይን ፍራንክ ይመቱ ነበር ማለት ነው። የግዛቱን ስፋት ከካርታ ይልቅ በእነዚህ ፊደሎች ነው የተረዳሁት።

ጠገራ ብሩንም አልተውኩትም። ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ናት፤ ልጇ የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በ1793 በአብዮቱ አንገቷን ተቆርጣለች። በ1810 ናፖሊዮን ያገባት ማሪ ልዊዝ ደግሞ ማርያ ቴሬዛ ቅድመ አያቷ ናት። አሁን ጠገራ ብሩንና ባለ አምስት ፍራንኳን በአንድ ሣጥን ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ የአያቴ በሦስት ግራም ያህል ትከብዳለች። ቀጥሎ የምፈልገው የሮማዋን «አር» ነው፤ በእጁ ይዞ ያየ ካለ የጠርዟን ጽሑፍ ፎቶ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።