ልብስ ሰፊዋ እኮ እኔ ነኝ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ስሰፋ ዘጠኝ አመቴ ነው። ስራ ጠፍቶብኝ አያውቅም፣ የጥምቀትና የሰርግ ሰሞንማ እኩለ ሌሊት ድረስ ማሽን ላይ ነኝ፣ ግን ማታ ሂሳብ ስሰራ ለሸማኔው ከፍዬ ለጠላፊዋ ከፍዬ ክር ገዝቼ ኪራይ ሰጥቼ እጄ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር።

ያኔ ነው ልጄ ጆርጅ ክላሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1926 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የባቢሎኑን ሀብታም ሰውዬ ታሪክ ማታ ማታ እየተረጎመች ያነበበችልኝ። ልብወለድ ነው። አርካድ የሚባል ሸክላ ላይ እየቀረጸ የሚኖር ደሃ ጸሐፊ አለ፣ አልጋሚሽ የሚባለው ገንዘብ አበዳሪ ሽማግሌ ስራ ሲያዘው ሌሊቱን ሙሉ ሰርቼ አደርሳለሁ ግን እንዴት ሀብታም እንደሆንክ ንገረኝ ይለዋል። ሽማግሌውም ከምታገኘው ላይ የተወሰነው ያንተ ነው ሲለው ጸሐፊው ሁሉም የኔ አይደል እንዴ አለ፣ እና ለልብስ ሰፊው አትከፍልም? ለጫማ ሰሪውስ? ብሎ ጠየቀው። እዚህ ጋ ልጄን አስቆምኳት። ልብስ ሰፊዋ እኮ እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ይከፍለኛል፣ እኔ ደግሞ ለሁሉም እከፍላለሁ፣ ለራሴ ግን አንድ ቀን ከፍዬ አላውቅም!

በማግስቱ ጀመርኩ። ብር ሲገባ ለሸማኔው ከመስጠቴ በፊት ከአስር አንዱን ለብቻ ጣሳ ውስጥ፣ ማታ የቀን እቁብ። ድሮ የተረፈውን አስቀምጣለሁ እል ነበር፣ ተርፎ አያውቅም። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ስለሚቆም የሚገባው ትንሽ ነው፣ አስረኛውም ትንሽ ነው፣ ግን አላቋረጥኩም።

እቁቡ ሲደርሰኝ 45 ሺህ ብር ሆነ። የባለቤቴ ወንድም ሹፌር ነው፣ እትዬ ግድ የለም ከድንበር ስልክ አመጣለሁ በሁለት ወር እጥፍ ነው አለኝና ሰጠሁት። ስልኮቹ ኮፒ ሆነው መጡ፣ ግማሹ አይበራም። አርካድም እኮ የመጀመሪያ አመት ቁጠባውን ለጡብ ሰሪ ሰጥቶ ጌጥ ግዛልኝ ብሎት ፊንቄ የሚባሉት ነጋዴዎች የብርጭቆ ስባሪ ነው የሸጡለት። ታሪኩን ሰምቼ ነው የሰጠሁት፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሁለተኛውን እቁብ ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመውን ማሽን፣ ልገዛበት ስል ዘመድ አላማከርኩም፣ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ጋ ሄድኩ። እኔ የመረጥኩትን መለዋወጫ አይገኝለትም ብሎ አስጥሎ ሌላ አስገዛኝ፣ ይሄው ሁለት አመት አንድ ቀን አልቆመም።

ኦቨርሎኩ የሚያስገባውን አልነካም፣ ጣሳው ለብቻ ነው። አርካድ በኋላ ቁጠባውን ለጋሻ ሰሪ አበድሮ ያገኘውን ወለድ ድግስ ደግሶ ሲበላ ሽማግሌው የቁጠባህን ልጆች እየበላህ ነው ብሎ ተቆጥቶታል፣ እኔም ሶፋ ልቀይርበት ስል ልጄ ይቺኑ አስታወሰችኝ። በኦቨርሎኩ ብር ዘንድሮ የእንቁጣጣሹን ሸማ ዋጋው ሳይወጣ በሰኔ ገዛሁት፣ ሸማኔው ሁልጊዜ በዱቤ ስለምወስድ ካሽ ስቆጥርለት ግራ ገብቶት ሁለቴ ቆጠረው።