ከፒያሳው ሰፈራችን ከዶሮ ማነቂያ ለተበተናችሁ ሁሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! አራብሳ ላላችሁ፣ ገላን ላላችሁ፣ ከዘመድ ተጠግታችሁ ላላችሁ፣ ባሕር ማዶ ሆናችሁ ይህን በስልክ ለምታነቡ ሁሉ፣ 2018 የጤናና የሰላም ዓመት ይሁንላችሁ።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሴት ልጆች ጀሞ እኔ ያለሁበት አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ደጃፌ ላይ ዘፈኑልኝ። ደረጃው ትንፋሻቸውን ጨርሶት ኖሮ አውጪዋ «አበባየሆሽ» ስትል ተቀባዮቹ «ለምለም» ለማለት ቆየት አሉ። እጄ ላይ የነበረውን ሁሉ ሰጠኋቸው። በሩን ዘግቼ ስመለስ ግን እንባዬ መጣ። አምና በዚችው ቀን ለእማማ ትልቋ ስደውል ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ነው፦ «ልጆቹ እኮ አራተኛ ፎቅ አይወጡም። አዳዲሱን ብር አዘጋጅቼ እስከ ማታ ጠበቅኋቸው።»

እማማ ትልቋ ሐምሌ ላይ አረፉ። ያልሰማችሁ ካላችሁ በበዓል ቀን መርዶ ማምጣቴን ይቅር በሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ማናችንም በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም። ግቢው ውስጥ ሁለት እማማ ስለነበሩ አንዷ ትንሿ፣ እሳቸው ትልቋ ሆነው ቀሩ።

ግቢያችን የ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የቀበሌ ሆኖ ስምንት ቤተሰብ የገባበት ነው። ለስምንት ቤት አንድ ማድቤት፣ አንድ ሽንት ቤት። ውኃ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦኖ። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ማታ አባቴ ሲያስነጥሰው ከወዲያኛው ቤት «ይማርህ» ይሉታል፣ እሱም «ያኑርልኝ» ብሎ ይተኛል። ኪራዩ እስከ መጨረሻው ከአንድ እንጀራ ዋጋ በታች ስለነበር ጣሪያውን የሚያድስ አልነበረም። ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ በየጥጉ ሳፋና ድስት ስትደቅን አይቻለሁ። ስለዚህ ያ ቤት ይመለስልኝ የምል ሰው አይደለሁም።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ሊነጋጋ ሲል በነፋስ ስልክ በኩል የጥይት መጋዘኑ ፈነዳ። ፒያሳ ድረስ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እማማ ትልቋ በየቤቱ እየገቡ የማን ልጅ ሳይሉ ሁላችንንም እየጎተቱ ከአልጋቸው ሥር ከተቱን። አስራ አንድ ነበርን። ከአልጋው ሥር ሆኜ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነበር፤ ባዶ እግራቸውን ከበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ በር ይመላለሳሉ፤ ተረከዛቸው ላይ የማድቤት አመድ ነበረበት። ለእኔ ፒያሳ ማለት ይህ ነው። ኬክ ቤቱም፣ ወርቅ ቤቱም፣ ሲኒማውም ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው።

ከተማው እያየነው አደገ። በ1976ቱ ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን። በልጅነታችን ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን የማናውቀው ሰው ጉልበት ከጉልበታችን ይነካ ነበር፤ ሳይተዋወቁ ወርደው የሚሄዱ ጥቂት ናቸው። ከዚያ ሚኒባስ መጣና የፊተኛውን ማጅራት እያየን መሄድ ጀመርን። 2008 መስከረም ላይ ባቡሩ ሲጀምር እማማ ትልቋን ይዤ ከጊዮርጊስ ተሳፍረን እስከ ቃሊቲ ሄደን ተመለስን፤ መንገዱን ሙሉ ሲመርቁ ነበር። ዛሬ ራይድ እንጠራለን፣ ከኋላ ብቻችንን ተቀምጠን ስልካችንን እያየን እንደርሳለን።

2016 ላይ ሰፈሩ ተነሳ። ስለዚያ ብዙ ተብሏል፣ እኔ አላረዝመውም። አሁን በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ሽማግሌዎች ማታ ማታ ወክ ሲያደርጉ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። የሚያመኝ ሌላ ነው። ስምንቱ ቤት ወደ ስድስት ቦታ ተበተነ። ለእማማ ትልቋ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ሊፍት የለውም፤ ጉልበታቸው ደግሞ የታወቀ ነው። ንጹሕ ቤት ነበር፣ ውኃ ከነቧንቧው፣ ሽንት ቤት ለብቻ። «ሁሉ ነገር አለው ልጄ፣ ቡና ጠጡ ብዬ የምጣራው ሰው ነው የጠፋኝ» ይሉኝ ነበር።

ያረፉ ለት ሌሊት ወደ አስር ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ። ዝናብ ይወርዳል። ስደርስ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ቀድሞኝ ደርሷል። ከገላን ነው የመጣው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለሌለ በሲኖትራክ ተለምኖ ተሳፍሮ። ለእድርተኞቹ መልእክቱ በቴሌግራም ተልኳል፣ ማንም ጡሩንባ አልጠበቀም ነበር። እሱ ግን ብሎኩ መሐል ቆሞ፣ ጃኬቱን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ነፋ። ሦስት ጊዜ። መስኮቶች ተከፈቱ። የድሮ ሰፈራችንን ስም እየጠራ፣ ሰምቶ የሚመጣ የሰፈር ሰው በሌለበት፣ «የዶሮ ማነቂያ እድርተኞች፣ እናታችን አርፈዋል፣ ቀብር ስድስት ሰዓት ጴጥሮስ ወጳውሎስ» አለ። ድምፁ መጨረሻ ላይ ተሰበረ።

አስከሬኑን ማውረድ ከባድ ነበር። ደረጃው ሲታጠፍ ሳጥኑ አልዞር አለ። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ወጣት በካናቴራ ወጣ፣ ስማቸውን እንኳ አያውቅም፣ ሳጥኑን በትከሻው ደግፎ እስከ ታች ወረደ። ከዚያም የጋራ መገልገያ ቤቱን አስከፍቶ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ወንድሜ፣ ይህን ብታነብ፣ ለቅሶ ላይ ስለነበርኩ አላመሰገንኩህም፤ ዛሬ አመሰግንሃለሁ። እግዚአብሔር ብድርህን ይክፈልህ።

ጋሼ ጡሩንባ ነፊ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የእድራችን ጸሐፊ፣ «በቴሌብር ይላኩልን» ማለት እየቻልሽ በየወሩ መዝገቡን ይዘሽ አራብሳ ድረስ የምትሄጂው ሰው ለማየት እንደሆነ እናውቃለን። ድንኳኑን ባለ አንድ ክፍል ቤታችሁ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ባልና ሚስት፣ አልጋችሁ ሥር የታጠፈው የሁላችንም ቤት ነው። እማማ ትንሿ፣ ሠልስት ድረስ ከእህትዎ አልጋ አልተነሱም፤ ጉልበትዎን ያበርታልን።

ለከተማችን የምመኘውንም ልናገር። ወደፊት የሚነሳ ሰፈር ካለ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ይነሳ። ስምንት ቤት አንድ ብሎክ ውስጥ ቢገባ ምንም አይጎድልም፤ መሬትም ሲሚንቶም አይጨምርም። ለሽማግሌና ለባልቴት ደግሞ ምድር ቤቱ ይሰጥ። ይህን ሥልጣን ያላችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ወቀሳ አይደለም፣ ልመና ነው።

ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ልጆች ወላጆችም አደራ፦ ልጆቻችሁ አበባ ይዘው ሲወጡ እስከ ላይኛው ፎቅ እንዲወጡ ንገሯቸው። እዚያ የሚጠብቅ አለ።

የሰፈሬ ሰዎች፣ መስከረም 11 እሁድ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የድሮው ቦኖ የነበረበት ቦታ፣ አሁን አግዳሚ ወንበሮቹ ያሉበት ጋ እንገናኝ። ቡናውን እኔ አፍልቼ በፔርሙዝ አመጣለሁ፤ ዳቦ ከእማማ ትንሿ ነው። ሲኒ የሚበቃን አይመስለኝም፣ እያንዳንድሽ ይዘሽ ነይ፣ ይዘህ ና።