ሰዎቿ የሄዱባት ወለቃ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ፣ ከከተማው ብዙም ሳትርቁ መንገዱ ዳር ያለችው ትንሽ መንደር ወለቃ ናት። የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች። ርስት ስለተከለከሉ ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡና ሸማ እየሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። የጎንደርን ግንቦች ካነፁት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችም አሉበት፤ ይህ ጎልቶ አለመነገሩ ያንገበግበኛል። መሬት የደረሳቸው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው።

እናቴ ምጣድ የምትገዛው ከወለቃ ሴቶች ነበር። ጭቃውን ሲያሹ፣ የደረቀውን ሲተኩሱ ልጅ ሆኜ ቆሜ አይ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሰንበት እሳት ስለሚያጠፉ ቅዳሜ ገበያ አልነበረም።

ከዚያ መንደሩ ሳሳ። በ1977 ከየመንደሩ ሺዎች በሱዳን በኩል ወጡ፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቀውም ብዙ ነው። ግንቦት 1983 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረሩ።

ዛሬ ሸክላውን የሚሠሩት እዚያው የቀሩ ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ። ግን እያንዳንዱ ሱቅ በር ላይ ሙያው የእነማን እንደነበር ቢጻፍ፣ የቤተ እስራኤላውያኑ መቃብርም ቢታጠር እወዳለሁ። ዘመዶቻቸው ከእስራኤል እየመጡ ይጠይቃሉ።