ቀይ ቀበሮዋን ወደ ራሷ ቀለም መመለስ

ከባሌ ተራሮች የተመለስኩ ዕለት ማታ፣ ድካሙም ሳይወጣልኝ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሰነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ሦስት ጠዋት በብርድ ተንዘፍዝፌ ያነሳኋቸው ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ፎቶዎች ነበሩኝ። ከሁሉም አንዷን አስቀድሜ በልቤ መርጫታለሁ። ቀይ ቀበሮዋ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ጆሮዋን ቀስራ፣ አንድ እግሯን ከመሬት አንስታ የቆመችበት ናት። እዚያ ሳያት እንደ ፍም ነበረች። ስክሪኑ ላይ ግን ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ መሃል ላይ የደበዘዘ ቡናማ ነገር። ልቤ ስብር አለ።

ያነሳሁት ሮው (RAW) በሚባለው የፋይል ዓይነት ነበር። የተለመደው ጄፔግ ሲሆን ካሜራው ራሱ ቀለሙን አድምቆ፣ የማይፈልገውን መረጃ ጥሎ ያስረክባል። ሮው ግን እንደ ስሙ ጥሬ ነው። ካሜራው የተቀበለው ብርሃን ሁሉ አለ፣ ማብሰሉ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። ይህን ስላላወቅሁ ፎቶው የተበላሸ መሰለኝና ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ያገኘሁትን ስላይደር (ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) ሁሉ ወደ ቀኝ ገፋሁ። የቀለም ድምቀቱ (ሳቹሬሽን) 70፣ ጥርት ማድረጊያው (ክላሪቲ) 60፣ ጭጋግ ማጥፊያው (ዲሄዝ) 40። ከቀበሮዋ ጀርባ ርቆ የሚታይ አንድ የእረኛ ውሻ ነበር፤ ፎቶውን ያቆሸሸ መስሎኝ እሱንም አጠፋሁት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፎቶውን ለአስጎብኚዬ በቴሌግራም ላክሁለት።

ጠዋት በድምፅ መልእክት መለሰልኝ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይቺ የኛ ቀበሮ ናት? ምን ቀባሃት? ውሻውስ የት ገባ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን አምባ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ቀበሮዎቹን ከአረማመዳቸው ይለያቸዋል። በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደሚሏት የነገረኝም እሱ ነው፤ ሊወልዱ የተቃረቡ ባዝራዎችንና ላሞችን ተከትላ የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ። እሱ ካላወቃት ፎቶዬ ውስጥ ያለችው ሌላ እንስሳ ናት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር የተማርኩት ሁሉ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

መጀመሪያ የተማርኩት ሳቹሬሽንን አለመንካት ነው። ያ ቀን ደመናማ ነበር፣ በደመና ሥር ያለ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ ያዘነብላል። ቀበሮዋን ያደበዘዛት የቀለም ማነስ ሳይሆን ይህ ሰማያዊ ነው። የቀበሮዋ ጉሮሮና ደረት ነጭ ነው፣ ከዓይኗ ሥርም ወደ ላይ የሚወጣ ነጭ መስመር አላት። ፎቶውን አቅርቤ ሳየው ያ ነጭ የወተት ነጭ ሳይሆን የውሃ ሰማያዊ ነበር። የፎቶውን ሙቅና ቀዝቃዛ ቀለም የሚያመዛዝነውን ዋይት ባላንስ ከ5,000 ወደ 6,200 ኬልቪን ሳወጣው ጉሮሮዋ ነጣ፣ ጀርባዋም በአንድ ጊዜ ሞቀ። ሌላ ምንም ሳልነካ! ያን ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። አሁን የማንኛውም እንስሳ ፎቶ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ነጩን ነው። ነጩ ከተስተካከለ የቀረው ግማሹ አለቀ።

ስሟም አሳስቶኝ ነበር። ቀይ ቀበሮ ስለምንላት ቀዩን ሳደምቅ ቆየሁ፤ ፕሮግራሙ ግን ፀጉሯን የሚያየው በአብዛኛው እንደ ብርቱካናማ ነው። ቀለሞች ለየብቻ የሚስተካከሉበት ቦታ ገብቼ የብርቱካናማውን ብሩህነት ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ፀጉሩ ጥልቀት አገኘ፣ እንደ ዝገት ያለው የራሷ ቀለም መጣ።

የብርሃኑ ነገር ብዙ ፎቶ አስከፍሎኛል። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ወጥታ ስለነበር በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ የቀበሮዎቹ ደረት ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ጠፍቷል። ላፕቶፕ ላይ አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ የብሩሁን ክፍል መቆጣጠሪያ፣ ሃይላይትን፣ ሲያንቀሳቅሱ ስክሪኑ ይጠቁርና መረጃ የጠፋበት ቦታ ብቻ ነጥሮ ይታያል። ደረታቸው ላይ ያንን ባየሁ ጊዜ ሃይላይቱን እስከ ታች ባወርደው የመጣው ግራጫ ልጥፍ እንጂ ፀጉር አልነበረም። ያልተቀዳ ነገር ከየትም አይመጣም። የጨለመን ማውጣት ግን ይቻላል፣ ዋጋው ኖይዝ፣ አሸዋ መሰል ነጠብጣብ፣ ቢሆንም። ስለዚህ ነጭ ያለበትን እንስሳ በፀሐይ ሳነሳ አሁን ሆን ብዬ ትንሽ አጨልመዋለሁ።

ጠርዞችን የሚያሾለው ሻርፕኒንግም እንዲሁ ነው። እኔ መላውን ፎቶ እያሾልኩ ከበስተጀርባ ያለውን የለሰለሰ ሰማይ አሸዋ አደርገው ነበር። እዚያም ማስኪንግ የሚለውን አልት ተጭኖ ሲጎትቱት ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ የሚሾለው ነጭ ሆኖ የሚታየው ብቻ ነው። የጆሮዋ ጠርዝ፣ ፂሟና ዓይኗ ብቻ ነጭ ሆነው እስኪቀሩ እጎትተዋለሁ። ዓይኗን ለብቻ መርጬ ብርሃኗንም በጣም በትንሹ፣ ከአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን እጥፍ ከሚያደርገው መጠን) ሲሶ ያህል ብቻ ከፍ አደርጋለሁ። ድሮ ሙሉ ስቶፕ ነበር የምጨምረው፣ እንስሳዋ ባትሪ የበራላት ትመስል ነበር።

በካሜራው መዝጊያ (ሹተር) ፍጥነት ማነስ የተንቀጠቀጠውን ግን የትኛውም ስላይደር አላዳነልኝም። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ በ1/250 ሰከንድ ያነሳኋቸው የሩጫ ፎቶዎች ሁሉ ተጥለዋል። አሁን ከ1/1000 አልወርድም።

ክሮፕ፣ ማለትም ፎቶን መቁረጥ፣ ላይ ደግሞ ስስታም ሆኛለሁ። ካሜራዬ 20 ሜጋፒክስል ነው። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ስቆርጠው የሚቀረኝ ሩቡ፣ 5 ሜጋፒክስል ነው፤ ለስልክ ይበቃል፣ ኤ4 ላይ በጥሩ ጥራት ለማሳተም ግን ያንሳል። በዚያ ላይ ቀበሮዋን ብቻዋን ቆርጬ ሳወጣት አገሯ ይጠፋል። ጅብራው፣ ብርማው ቁጥቋጦ፣ ያ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ከሌለ ሰነቴ መሆኑን ማን ያውቃል?

የመጀመሪያውን ህትመት ሳወጣ ደነገጥኩ፤ ጨልሞ መጣ። ማተሚያ ቤቱ አላጠፋም። እኔ ማታ፣ መብራት አጥፍቼ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነበር የምሠራው፤ ስለዚህ የጨለመው ፎቶ ለእኔ ብሩህ ሆኖ ይታየኛል። አሁን በቀን፣ ስክሪኑን ወደ ግማሽ አውርጄ እሠራለሁ፣ የጨረስኩትንም አሳድሬ ሳየው ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ነገር እመልሳለሁ።

የቀረው የውሻው ነገር ነው። የአስጎብኚዬን ሁለተኛ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልመለስኩለትም ነበር። የሣር ዘለላ ፊቷ ላይ ተጋርዶ ባጠፋው ማንንም አልዋሸሁም ብዬ አምናለሁ። ውሻው ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ናቸው። ከብት ተከትለው አምባው ላይ የሚወጡ ውሾች ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያጋቧቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ ብዙዎች አልቀዋል። ደውዬ «ጋሼ፣ ውሻውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ስለው ጥቂት ዝም አለና፣ «እኔ እኮ ዘወትር ጠዋት የምፈልገው እሱን ነው። ቀበሮዋማ ትታየኛለች» አለኝ።

ላይትሩም ዋናውን ፎቶ አይነካውም፣ የተደረገውን ለውጥ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው መልሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ነጩን፣ ብርሃኑን፣ ብርቱካናማውን፣ ዓይኗን አስተካክዬ እዚያው ላይ አቆምኩ። ባለፈው ወር አሳትሜ ወደ ጎባ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁለት። ቀበሮዋ ግራ በኩል እግሯን አንስታ ቆማለች፤ በቀኝ፣ ከጅብራው አጠገብ፣ የእህል ቅንጣት የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች። ጠጋ ብሎ ላያት ጅራቷን ወደ ላይ የቆለመመች ውሻ ናት።